መሪጌታ ቸኮልና ቤቲ የተባለችው ፊደል

መሪጌታ ቸኮል መሞታቸውን ያነበብሁት በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው።

ትክል ድንጋይ የሚባል አገር ቆዳ ፍለጋ ከርሜ ጎንደር ተመልሼ፣ ከመናኸሪያው ወደ አራዳ ቀስ እያልሁ ስወጣ፣ አንድ የመብራት ምሰሶ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ንባብ ላይ ፈጣን አይደለሁም፤ የመሪጌታን እጅ ግን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ምነው ደግሞ ብራናው አልቆባቸው ከምሰሶ ላይ መጻፍ ጀመሩ ብዬ ተጠጋሁ። ወረቀቱ ቁም ጸሐፊው መሪጌታ ቸኮል ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም ማክሰኞ በስድስት ሰዓት እንደሚፈጸም ይናገራል። እኔ የቆምሁት ዓርብ ነው። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላውን ሲጽፉ ኖረው፣ መርዷቸውንም ለሰው ሳይተዉ ራሳቸው ጽፈው ሄዱ። እንዲህ ያለ ለሰው ድካም አሳቢ ከወዴት ይገኛል።

ከመርዶው ሥር ሌሎችም ወረቀቶች ነበሩ። አንዱ የሚከራይ ክፍል አለ ይላል። አንዱ ጥርስ ያለ ሕመም እንነቅላለን ይላል። ሦስተኛው ልዩ ክትፎ አለን የሚል ነው፤ ያውም በዕለተ ዓርብ። ሦስቱም የመሪጌታ እጅ ነው። ጥሬ ሥጋ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ ብዕር ሲይዙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ ሰው ነበሩ። ከተማው ግን በእሳቸው እጅ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጥርሱን ይነቀላል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ግራ ነውና ከመጀመሪያው ልናገር።

እሳቸው ብራና ላይ በመቃ ብዕር የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። እኔ ደግሞ ብራናውን የምፍቅላቸው ሰው ነኝ። የፍየል ቆዳ እወጥራለሁ፣ እፍቃለሁ፣ በድንጋይ አሻለሁ፤ እሳቸው በወስፌ ያሰምሩና ይጽፉበታል። ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን። እኔ የእሳቸውን ጽሑፍ በቅጡ አንብቤ አልጨረስሁም፤ እሳቸውም ፍየል ገፍፈው አያውቁም። በዚህ ምክንያት ተጣልተን አናውቅም።

ቸኮል ያላቸው አባታቸው ነው፤ በአባት ስሕተት ልጅ አይጠየቅም። በቀን አንድ ገጽ ይጽፋሉ። ገጹ ካማረላቸው በማግሥቱ እሱን ሲያዩ ይውላሉ፤ ካላማረላቸው ደግሞ እሱን ሲፍቁ ይውላሉ። አንድ ጊዜ መጽሐፍ ያዘዘ ቄስ ከደጃቸው ቆሞ መቼ ነው የሚያልቀው እያለ ቢነዘንዛቸው፣ ቀና ሳይሉ፣

«ፍየሏ እንደሁ ሞታለች፤ ምን ያስቸኩላታል?» አሉት።

ብዕራቸውን የሚጠርጉት በጨርቅ አልነበረም፤ ከጆሯቸው በላይ ባለው ጠጉር ነው። ራሳቸው ጥጥ መስሎ ሳለ ከቀኝ ጆሯቸው በላይ አንድ ጭብጥ የምታህል ቦታ እንደ ጎረምሳ ጠጉር ጠቁራ ቀርታለች። የማያውቋቸው ሰዎች፣ መሪጌታ ቀለም ይቀባሉ፣ ያውም ግማሹን ብቻ እየተቀቡ ቀሪውን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩታል እያሉ ያሟቸው ነበር። እሳቸውም አላስተባበሉም።

ቀለሙን የምትሠራው ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ነበረች። ጥቀርሻውን ከድስት ቂጥ ትፍቃለች፣ የተቆላ እህል ትጨምርበታለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ወራት ታስቀምጠዋለች። እሳቸው የዘገዩትን ያህል እሷ ፈጣን ነበረች፤ እሳቸው አንድ መስመር ጽፈው ቀና እስኪሉ እሷ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ልጅ አልሰጣቸውም። የክርስትና ስሟ ወለተ ጳውሎስ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ከዓመታት በፊት አንድ ኮምፒዩተር በጀርባው ያዘለ ጎልማሳ ከአዲስ አበባ መጣ። ሸጋ ሰው ነው፤ ጫማውን ከደጅ አውልቆ ነው የገባ። የመጽሐፍ ማተሚያ ፊደል መሥራት እንደሚፈልግ፣ ለዚህም የጎንደርን ቁም ጽሕፈት እንደመረጠ ነገራቸው። መሪጌታ ምን ቃል ልጻፍልህ አሉት። ቃል አያስፈልግም፣ ከሀ እስከ ፐ ፊደሉን ብቻ ይጻፉልኝ አለ። እሳቸው ብዕሩን መልሰው አስቀመጡ። ለካስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደልን ለብቻው ጽፈው አያውቁም፤ ማን ይጽፋል? ሰው ጡብ በጡብ ቤት ይሠራል እንጂ ጡብ ደርድሮ ግቡ አይልም። ያን ቀን እምቢ ብለው ዋሉ። በማግሥቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ እንግዳ ከሩቅ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም ብላ ቀለሙን አቀረበችላቸው፤ ጻፉ።

ወረቀት ሰጣቸው፤ ብዕሩን ይነክሳል ብለው መለሱለት። እኔ ከቤት አንድ የተረፈ ቁራጭ ብራና አመጣሁላቸው። ከታች በኩል አንድ ቀዳዳ ነበረበት፤ ፍየሏን በሕይወት ሳለች መዥገር ነክሷት የቀረ ነው። ቀዳዳ ያለበትን ብራና አንጥልም፤ ጸሐፊው ዞሮት ያልፋል። መሪጌታም ሲጽፉ ሲጽፉ የጰ ተራ ላይ ሲደርሱ ቀዳዳው መጣ። ቦታ ስላጠራቸው ጰንና ቤተሰቧን ሰብሰብ፣ ቀጠን አድርገው በቀዳዳው ዳር አሳለፏት። ጎልማሳው ብራናውን በትልቅ ካሜራ አነሣና አመስግኖ ሄደ።

በዓመቱ ተመልሶ መጣ። ፊደሉ አልቋል፣ መጽሐፍ ሊታተምበት ነው አለና ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አሳየን። የመሪጌታ እጅ ነው፣ ግን ታጥቦ የተተኮሰ ይመስላል። የእጅዎን መንቀጥቀጥ አስተካክየዋለሁ አላቸው በትሕትና።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉት መሪጌታ፣ «ሐኪሙ እንኳ አቅቶት ነበር።»

ጰ ግን እንደቀጠነች ቀርታለች። የጎንደር ጸሐፍት ምሥጢር መስሎት አልነካትም። እኛም የመዥገሯን ነገር አልነገርነውም። እነሆ ዛሬ በየመጽሐፉ ጰ ከሲታ የሆነችው በአንዲት የትክል ድንጋይ መዥገር ምክንያት ነው። የሀገራችን ስም በሚጻፍበት ሁሉ መሀሉ ላይ ይቺ መዥገር አለች። የተማሩ ሰዎች ስለዚህች ቅጥነት አንድ ነገር ጽፈው እንደሁ አላውቅም፤ ከጻፉ ግን ስለ መዥገር እንዳልጻፉ እምላለሁ።

የፊደሉን ስም ቢጠይቁት ጎልማሳው ትንሽ አፈረ። በወቅቱ ሴት ልጅ ተወልዳለት ስለነበር በእሷ ስም ቤቲ ብሎታል። መሪጌታ አልተቀየሙም። ደግ አደረግህ አሉት፤ የልጅቱን የክርስትና ስም ግን ጠይቀው በብራናቸው ዳር ጻፉት። ሲጸልዩ ያስቧት ነበር። ፊደሉም ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየተገለበጠ የከተማው ማስታወቂያ ሁሉ ይጻፍበት ጀመር። እንግዲህ ቤቲ በሄደችበት ሁሉ ክትፎ ስትሸጥ፣ በፍታት ስትነበብ፣ የቤት ኪራይ ስትለጠፍ፣ የሚጸልይላት አንድ ሽማግሌ ጎንደር ላይ ነበራት።

ከተማው ውስጥ ፊደሉ የማን እንደሆነ የጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባነር የሚያትመው ሰዒድ። አባቱ ከእኔ ቆዳ ይገዙ ነበርና ነገሩን ከእኔ ሰምቶ፣ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ መሪጌታ ቤት መጣ። ሳላውቅ በእጅዎ ስሠራ ኖሬአለሁና ሐላል ይበሉኝ አላቸው። ሐላል ይሁንልህ አሉት። ከዚያ ወዲያ ሰዒድ የቢራ ማስታወቂያ ሲመጣበት በሌላ ፊደል ይሠራዋል፤ ደንበኞቹ ምነው ያችኛዋ ትሻላለች ቢሉት፣ እሷ ጾመኛ ናት ይላቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሐላል አይጠይቁም፤ የራስን ዕቃ ማን ያስፈቅዳል።

ከዚያ ወይዘሮ ጥሩነሽ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ዐረፈች። እዚህም ላይ ፈጥና ነው የሄደች። ከቤት የቀረው በሦስት ቀንድ የተሞላ ቀለሟ ብቻ ነበር።

መሪጌታ አላለቀሱም አልልም። ግን ከአርባው ማግሥት እኔን አስጠሩኝና፣ ደሴ፣ የተመረጠ ብራና ፋቅልኝ፣ ቀዳዳ የሌለበት አሉኝ። የእመቤታችን ተአምር የሚነበብበትን መጽሐፍ ለደብራቸው ሊጽፉ ነው። በእንዲህ ያለ መጽሐፍ በየተአምሩ መጨረሻ ያጻፈው ሰው ስም ይገባል፤ ካህኑ ባነበበ ቁጥር ስሙን እየጠራ በረከት ይለምንለታል። ሰውየው ሞቶ አጥንቱ አፈር ሆኖም ስሙ ይጠራል። መሪጌታ እዚያ ቦታ ላይ የእሷን ስም ሊያገቡ ነው። ልጅ የለን፣ እኔ ስሞት እሷን የሚጠራት ማን አለ አሉኝ። ሌላ ነገር አልፈለጉም።

አራት ዓመት ጻፉት። ከእሷ ቀለም ሁለቱ ቀንድ አለቀ። ጣታቸው ጠመመ፣ ዓይናቸው ደከመ፣ ከጆሮ በላይ ያለችው ጥቁር ቦታ እየሰፋች ሄደች። መጽሐፉ ሲያልቅ ብቻዬን አልችለውም ብለው እኔ ተሸክሜላቸው ወደ ደብራቸው ሄድን።

የሰበካው ሊቀ መንበር አቶ ጌጡ ይባላል። ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሲያቀና የኖረ ሰው ስለሆነ ጠማማ ነገር አይወድም፤ እኔ በእሱ መንገድ ነው ትክል ድንጋይ የምመላለሰው፣ ወገቤ ያውቀዋል። መጽሐፉን ከፈተና ከመሳቢያው ማስመሪያ አውጥቶ መስመሩ ላይ አጋደመ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም፣ ወርቅማ ጠርዝ ያለው መጽሐፍ አውርዶ አጠገቡ ዘረጋ። ያው ተአምር ነው፤ ከአዲስ አበባ ታትሞ የመጣ፣ ሰበካው ባለፈው ወር ያስገባው።

«መሪጌታ፣ አይቀየሙኝና እጅዎ ትንሽ ወርዷል። ይችን ይዩ። ፊደል ማለት እንዲህ ነው።»

መሪጌታ መነጽራቸውን ጠርገው አዩ። እኔም አየሁ። ቤቲ ናት።

«ሸጋ እጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጸሐፊው ማን ይባላል?»

አቶ ጌጡ የመጽሐፉን ኋላ ገልጦ ጥቃቅኑን ጽሑፍ ፈልጎ አገኘ። «ቤቲ የምትባል ናት።»

«ዕድሜ ይስጣት» አሉ መሪጌታ።

አፌን ልከፍት ስል በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። ለዝግተኛ ሰው የእግራቸው ፍጥነት ያስገርም ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የእኔስ መጽሐፍ ይነበባል ወይ አሉ። አቶ ጌጡ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሊያጽናናቸው ፈልጎ ነው፤ የእርስዎማ ቅርስ ነው፣ ቱሪስት ሲመጣ እናሳየዋለን አላቸው። ቅርስ አይነበብም፣ ቅርስ ይጠበቃል አለ። መጽሐፉም ዕቃ ቤት ገብቶ ከድንኳኑና ከፕላስቲክ ወንበሮቹ ጋር ይጠበቅ ጀመር። ቱሪስቱ እስካሁን እየተጠበቀ ነው።

ከመውጣታችን በፊት መሪጌታ የታተመውን አንድ ሁለት ቅጠል ገለጡ። በየተአምሩ መጨረሻ፣ ስም በሚገባበት ቦታ ላይ፣ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ክፍት ቦታ ነበር። መንገድ ላይ ስንወርድ ብቻቸውን መሳቅ ጀመሩ። ምነው የኔታ አልኋቸው። አታሚዎቹ የገለበጡት ከጥንት መጽሐፍ ነው፤ ያ መጽሐፍ ደግሞ እጅ ሲለውጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ ይሆናል አሉኝ። እነሱ የተፋቀውን ቦታ እንደ ሥርዓት ቆጥረው ባዶውን ባዶ አድርገው አተሙት።

«ታማኝ ገልባጮች ናቸው» አሉ። «ፍቀቱን እንኳ አላጓደሉም።»

የሳቁት ግን እስከ ድልድዩ ድረስ ብቻ ነው። ከድልድዩ ወዲያ፣ እንግዲህ አትጠራም ማለት ነው አሉ።

ቄስ ሞላ የሚባለው የደብሩ አንባቢ በታተመው ላይ ያን ባዶ ቦታ ሲደርስ ትንሽ ትንፋሽ ይወስድና ከሁላችን ጋር ይሁን ብሎ ያልፋል። ከሁላችን ጋር ማለት ከማንም ጋር ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታን ሳያቸው ያሳዝኑኝ ጀመር። አንድ ቀን ብራና ይዤ ብሄድ፣ በቤቲ የታተመ አንድ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ከፊታቸው ዘርግተው እያዩ ይገለብጣሉ። የሚያዩት እጃቸውን፣ የሚገለብጡት እጃቸውን። ፊደሎቹን አንድ ዓይነት ለማድረግ ይታገላሉ፤ መንቀጥቀጣቸውን በግራ እጃቸው አጥብቀው ይዘውታል። የሰፈሩም ሰው ሰምቶ ኖሮ፣ መሪጌታ በስተርጅና ፊደል እየተማሩ ነው፣ አስተማሪያቸውም ቤቲ ናት እያለ ይስቅ ነበር። አቶ ጌጡ ሲሰማ ደስ አለው፤ ሰው ምክር ሲቀበል ደስ ይላል።

እኔ ግን ከፋኝ። በተለይ ጳን ደጋግመው ሲጽፉ አየሁ፤ ያውም ቀጭኗን፣ የተጨነቀችዋን። የኔታ፣ ይቺ የእርስዎ አይደለችም፣ ይቺ የመዥገሯ ናት፣ እዚህ ብራና ላይ ደግሞ ቀዳዳ የለም አልኋቸው።

«መዥገርም ታስተምራለች፣ ደሴ» አሉኝ። «ዝም ብለህ ብራናህን ፋቅ።»

ክረምቱ ገባ። የታተመው መጽሐፍ ጠርዙ ወርቅማ ቢሆንም ጀርባው በሙጫ የተያዘ ነበርና፣ እርጥበቱ ሲያገኘው ሙጫው ለቀቀ። ቄስ ሞላ አንድ እሑድ ሲያነብ ቅጠሉ ከእጁ እየሾለከ ምንጣፍ ላይ ወረደ። ሰበካው ተሰበሰበ፤ አዲስ አበባ መላክ ሩቅ ነው። በጎንደር መጽሐፍ በጠፍር ሰፍቶ፣ በእንጨት ገበታ ደግፎ፣ በቆዳ የሚለብጥ ሰው ተፈለገ። ከተፈለገም አንድ ሰው ነበር።

አቶ ጌጡ ራሱ ይዞላቸው መጣ፣ እኔም እዚያው ነበርሁ። መሪጌታ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ተቀበሉ። የሦስት ቀን ሥራ ነው። ሦስት ሳምንት ያዙት። አቶ ጌጡ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ በሁለተኛው ምነው ስምዎን ቢያከብሩ አላቸው። መሪጌታ የፍየሏን ነገር መለሱለት። የትኛዋ ፍየል፣ ይሄ እኮ ወረቀት ነው አለ። እንግዲያውስ ዛፉም ሞቷል አሉት።

ልብ ብዬ ቢሆን ያኔ ይገባኝ ነበር። ሦስተኛው የቀለም ቀንድ ተከፍቶ ነበር። መጽሐፍ ለሚሰፋ ሰው ወስፌና ጠፍር እንጂ ቀለም ምን ያደርግለታል? አየሁት፤ አልጠየቅሁም። ሰው ሠላሳ ዓመት አብሮ ሲኖር መጠየቅ ያቆማል። ቀንዱም ሲያልቅ አጥበው ደጃፍ ላይ ሰቀሉት። መጽሐፉ ተመለሰ፣ እሳቸውም ጥቂት ወራት ቆዩ፤ እኔ ትክል ድንጋይ ሳለሁ ሄዱ።

እንግዲህ ያን ዓርብ ምሰሶው ሥር ቆሜ የቀብሩን ቀን ካነበብሁ በኋላ፣ ከእሑዱ ቅዳሴ በቀር የምደርስበት ነገር አልነበረኝም። የእኔ አጥቢያ በወለቃ በኩል ነው፤ ያን እሑድ ግን ወደ እሳቸው ደብር ሄጄ መሪጌታ ሲቆሙበት በነበረው ዐምድ ሥር ቆምሁ። የተአምሩ ሰዓት ደረሰ። ቄስ ሞላ አዲስ በቆዳ የተለበጠውን ወፍራሙን መጽሐፍ ይዞ አነበበ፤ ወደ መጨረሻው ደረሰ። ትንፋሽ ይወስዳል ብዬ ስጠብቅ አልወሰደም። ሳያደናቅፈው፣ ከወለተ ጳውሎስ ጋር ይሁን ብሎ አለፈ።

ሕዝቡ አሜን አለ። እኔ አሜኑን ትቼ መጽሐፉን ለማየት ወደ ፊት ተጠጋሁ።

ሲያልቅ ቄስ ሞላን ጠበቅሁትና ይቺ ወለተ ጳውሎስ ማን ናት አልሁት። አሳታሚው የሚያውቃት ባለጸጋ ትሆናለች አለኝ። ቀድሞ ስሟን አላየሁትም ነበር፣ ዓይኔ ስለደከመ ይሆናል፤ መሪጌታ ከሰፉት ወዲህ ግን መጽሐፉ በደንብ ስለሚዘረጋ ይነበበኛል አለ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመረልኝ። መሪጌታ ነፍሳቸውን ይማርና በመጨረሻው ጊዜ ተአምር ሲያበቃ አሜን የሚሉት ድምፅ ከሕዝቡ ሁሉ በላይ ነበር፤ ሰው ሞቱ ሲቀርብ ይጠነክራል አለኝ።

ቅጠሉን ገልጬ አየሁ። ዓይኔ ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ፊደሉ ቤቲ ነው፤ ቁመቱ ቤቲ፣ ውፍረቱ ቤቲ። ጳም ቀጭን ናት፤ መዥገሯን ሳይቀር ገልብጠዋታል። ከታተመው የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነበር፤ የማተሚያው ጥቁር ትንሽ ግራጫ ይመታል፣ ይሄኛው የድስት ቂጥ ጥቁር ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከእኔ በቀር አልቀረም። መሪጌታ በየተአምሩ፣ በየባዶው ቦታ፣ አንድም ሳይዘሉ ስሟን ጽፈውታል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን የእኛ አገር ነገር መች ባለበት ይቆማል።

ባለፈው ወር ያን ደብር ልሳለም ብሄድ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ አንድ ወጣት ቄስ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል። ሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን ዘርግቷል፤ አንዱ የዚህ ደብር ነው፣ አንዱ የእነሱ፣ ያው ከአዲስ አበባ የታተመው። አቶ ጌጡ ከአጠገቡ ቆሞ እጁን አጣምሮ ያያል። የእኛው ጎደሎ ሆኖ ተገኘ፣ አያ ደሴ፣ አለኝ ቄሱ። እዚህ ለንግሥ መጥቶ ሲያነቡ ሰምቶ ኖሯል፤ አገሩ ገብቶ ቢያይ በእነሱ መጽሐፍ ላይ ቅድስት የመሰለችው የወለተ ጳውሎስ ስም የለም፣ ቦታው ባዶ ነው። አንዱ ቢፍቀው ነው ብሎ ተቆጣ። ሁለት መጽሐፍ ሲለያዩ ጎደሎው በሙሉው ይታረማል፤ ሊቃውንቱ እንዲህ ነው የሚያደርጉ። እሱም በእስክሪቢቶ እያረመ ነው። አቶ ጌጡም፣ የእኛ ደብር መጽሐፍ እንከን የለበትም፣ ሌሎችም እየመጡ ማረም ይችላሉ አለ፤ ደረቱ ትንሽ ወጣ ብሏል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እውነቱን ይናገር ነበር። እግሬን የሚረግጥልኝ ወዳጄ ስላልነበረ እኔው የራሴን እግር በራሴ እግር ረገጥሁ። ይህን ስጽፍም ይደርስበታል ብዬ አልሰጋም፤ አቶ ጌጡ የሚለካ እንጂ የሚያነብ ሰው አይደለም።

ከቄሱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እጁ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ብቻ ስሟ ይጻፍ። እኔ ንባብ ላይ ፈጣን ባልሆንም ይቺን አንድ ስም አውቃታለሁና ቅጠል በቅጠል በጣቴ እየተከተልሁ አየሁለት። እሱ ወጣት ነው፣ አምባ ጊዮርጊስ የሚሄደው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ይቸኩላል።

«አባ» አልሁት፣ «እዚህኛው ላይ ዘለሏት።»

መለስ ብሎ አየና ጻፋት። ጥንቃቄዬን አመሰገነልኝ።